አስቸኳይ፦ ሌንሴ ተበላሸ፤ ያገለገለ 75-300 ልግዛ?

ጠያቂው (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጠዋት ከባጃጅ ስወርድ ቦርሳዬ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሩቁን የሚያቀርበው 55-250 ሚሊ ሜትር ሌንሴ «ኤረር 01» እያለ ፎቶ አላነሣ ብሏል። ለመስከረም 21 ግሸን ለመድረስ ነገ ሌሊት እነሣለሁ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ያገለገለ 75-300 በ18 ሺህ ብር አለ። ማታ 1 ሰዓት ይዘጋል። ልግዛው ወይስ ይቅር?

የሐይቁ፦ ካሜራህ ምንድን ነው?

ጦሳ ማዶ፦ ባጃጁስ ደህና ነው?

አንጋፋው (ኮምቦልቻ)፦ ልጄ፣ እኛ በፊልም ዘመን 36 ፎቶ ይዘን ሠርግ ውለን እንገባ ነበር። ሌንሳችን አንድ፣ 50 ሚሊ ሜትር። ሩቁን የምናቀርበው በእግራችን ነበር። የዛሬ ልጆች ቆማችሁ ዙም ታደርጋላችሁ።

ጦሳ ማዶ፦ ጋሼ፣ ግሸን ላይ ለፎቶ ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ከተራመዱ ገደል ነው።

የመርሳዋ፦ ኤረር 01 ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም ማለት ነው። ሌንሱን ንቀልና ከኋላው ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረግ። የካሜራውንም እንዲሁ።

ወረኢሉ፦ ነጥቦቹን ጥረጋቸው። ለእኔ ሠርቷል።

ጠያቂው፦ ሁለት ጊዜ ጠረግሁ! ያው ነው። ካሜራው ካኖን 700ዲ ነው።

የሐይቁ፦ ለግሸን ረጅም ሌንስ ምን ያደርግልሃል? አምባው መስቀል መሆኑን ለማሳየት ሰፊ ሌንስ ነው የሚያስፈልገው፤ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ይበቃል። ረጅሙን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ስትፈልግ ትገዛዋለህ።

ጠያቂው፦ አምባውን ሳይሆን ሰዉን ነው የማነሣው። ስለት ይዛ በምታለቅስ እናት ፊት ካሜራ አልደቅንም፤ ከራቅ ብዬ ነው የምፈልጋት።

የሐይቁ፦ እሱስ እውነትህን ነው።

ወረኢሉ፦ በላጲስስ ሞከርህ?

የመርሳዋ፦ እንግዲያው ሌላ ሙከራ። መደወያውን ኤቪ (Av) ላይ አድርገህ የአፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ቁጥር ካሜራው እስከሚፈቅደው ትንሹ ድረስ አውርድ። እዚያ ላይ ፎቶ ካነሣና 8 ላይ ኤረር ካለ፣ የተጎዳው አፐርቸሩን የሚዘጋው ክፍል ነው። ትንሹ ቁጥር ላይ ቀዳዳው ሙሉ ክፍት ስለሆነ ክፍሉ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም፤ ሌንሱ በዚያው ይሠራል። ለፊት ፎቶ ደግሞ የምትፈልገው እሱኑ ነው። አብሽር፣ ግሸን ደርሶ ይመለሳል።
75-300ውን በተመለከተ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፤ ያንተው 55-250 አለው። በ700ዲ 300 ላይ ስታነሣ የካሜራው መዝጊያ (ሸተር) ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ ባይወርድ ይሻላል፤ ለንጋት ብርሃን ይህ ከባድ ነው። 300 ላይ ምስሉም ጥርት አይልም። የግድ ከሆነብህ ካሜራህን ይዘህ ሂድና ከሱቁ በር ላይ የማዶውን ማስታወቂያ 300 ላይ አንሥተህ አጉልተህ እየው። ከዚያ በስልክ ባትሪ በሌንሱ ውስጥ አብራ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየህ ሻጋታ ነው፤ ግማሽ ዋጋ ቢሉህም አትንካው። አቧራ ግን አያስፈራህ።

አንጋፋው፦ ይህች ልጅ ታውቃለች። ቢሆንም 50 ሚሊ ሜትር...

ጦሳ ማዶ፦ ጋሼ!

ወረኢሉ፦ ጠያቂው፣ ምን ሆነ? 1 ሰዓት አልፏል።

የደጋን ልጅ፦ ጠያቂው ካልገዛው የሱቁን አድራሻ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እኔ የካሜራ ማቆሚያ አለኝ፣ እጄ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለኝም።