ጎረቤት ላይ የዘመመ ባሕር ዛፍ፦ በማን ላስቆርጥ? (ደሴ)

ጥያቄ፣ የጦሳ ሥር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። የእናቴ ጓሮ ውስጥ ሦስት ዛፎች አሉ። ሁለቱ ነጭ ባሕር ዛፍ ናቸው፣ አንዱ ጥድ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ሳልወለድ የተከላቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣና አንደኛው ባሕር ዛፍ ቁልቁል ወደ ጎረቤት ዘመመ። ጠዋት ወጥቼ ሳየው ከግንዱ በላይኛው በኩል መሬቱ ተሰንጥቋል። ጣቴን ብከተው ሙሉ በሙሉ ገባ። ከታች የጎረቤታችን ማድ ቤት አለ። የመብራት ሽቦም በመሃል ያልፋል። እናቴ ሌሊት ነፋስ በሰማች ቁጥር ተነስታ ትቀመጣለች።

ሁለት ሰው አናግሬያለሁ። አንዱ መጥረቢያና ገመድ አለው፤ «በግማሽ ቀን እጥለዋለሁ» ብሎኛል፣ ግን ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ይፈልጋል። ሌላው ባለ ሞተር መጋዝ ነው፤ እጥፍ ጠየቀኝ። በምን ልምረጥ? ፈቃድ ያስፈልጋል? ጉቶውስ ይነቀል? ወይስ ሦስቱንም አስቆርጬ ልገላገል? ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ።

መልስ፣ እናት ከሸዋ በር

አብሽሪ ልጄ። ሌላው ሁሉ ይቆይና ዛሬውኑ ጎረቤትሽን አናግሪ። እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ማንም እንዳይገባ፣ ልጆችም በዚያ በኩል እንዳይጫወቱ። እንጀራው እናንተ ቤት ይጋገር። ዛፉ እስኪወርድ ነው።

መልስ፣ ባለ መጋዙ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ከዋጋው በፊት ሁለቱንም «እንዴት ነው የምታወርደው?» ብለሽ ጠይቂ። ከመልሱ ሰውየውን ታውቂዋለሽ። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዛፍ በሚወድቅበት በኩል አፍ ይከፈትለታል፤ ሽብልቅ የመሰለ ቁራጭ ከግንዱ ይወጣል ማለት ነው። ከዚያ በጀርባው፣ ከአፉ ትንሽ ከፍ ተብሎ ይቆረጣል። መሃል ላይ ሳይነካ የሚቀር ስስ እንጨት አለ፤ ዛፉን እንደ በር ማጠፊያ ይዞ የሚያስተኛው እሱ ነው። እሱ ከተበጠሰ ዛፉ ወደፈለገው ይሄዳል።

ያንቺ ዛፍ ግን በዚህ መንገድም አይቆረጥም። «ከሥር ቆርጬ በገመድ ወደ ሌላ ጎን እጎትተዋለሁ» የሚል ካለ በሰላም አሰናብቺው። የዘመመ ግንድ በውስጡ ውጥር ነው። ከጀርባው ሲነካ ወደ ላይ ተሰንጥቆ ቆራጩን ሊመታ ይችላል። ከላይ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚወርደው። እያንዳንዱ ቁራጭ መጀመሪያ በገመድ ይታሰራል፣ ከዚያ ይቆረጣል፣ ታች ያለው ሰው ገመዱን ቀስ እያለ ይለቅለታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። መሬቱ ተሰንጥቋል ካልሽ ሥሩ ለቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ዝም ብሎ አይወጣም። መጀመሪያ በላይኛው በኩል ካለ ጠንካራ ነገር ጋር ይታሰራል። የሚወጣው ሰውም ቀበቶውን የሚያስረው አጠገቡ ባለው ጤነኛ ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ቅርብና ጤነኛ ከሆነ እንዳታስነኪው፤ ለሥራው ያስፈልጋል። ሄልሜት፣ ቀበቶና የሚታመን ገመድ የሌለው ሰው እንዲወጣ አትፍቀጂ። ወንድምሽ ቢሆንስ?

ሽቦውን በተመለከተ ለመብራት ኃይል በ905 ደውዪ፣ ቢሮም ሂጂ። መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ መጋዝ አይነሳም። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ዝናብ ወይም ነፋስ ባለበት ቀንም ሥራ የለም፤ ቀኑ ይዛወር።

መልስ፣ የገራዶው

እኔ የተጎዳሁት በውል ነው። አምና አንድ ቆራጭ ርካሽ አለኝ፣ ሙሉውን ከፈልኩ። ቅርንጫፉ የአጥሬን ቆርቆሮ ይዞ ወረደ። «ይህ በእኔ አይደለም» አለና ሄደ። ቅጠሉንና ጭራሮውን ለማስጠረግ ሌላ የቀን ሠራተኛ ቀጠርኩ። ከሁሉ የቆጨኝ ግንዱን ማታ በኢሱዙ አስጭኖ መውሰዱ ነው። ከእንጨቱ ብቻ የሥራውን ዋጋ ባወጣሁ ነበር።

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። እንጨቱ የማን ነው? ቆርቆሮ ወይም አጥር ቢሰበር ማን ይከፍላል? ጥራጊውን ማን ያነሳል? ሠራተኛ ቢጎዳ ማን ያሳክማል? ሁለት ምስክር ይፈርሙበት፤ አንዱ ጎረቤትሽ ይሁን። ቀብድ ስጪ፣ ቀሪውን ግቢው ከጸዳ በኋላ። እንጨቱን ለነሱ የምትተዪ ከሆነ ደግሞ ከዋጋው ላይ ይቀነስልሽ።

መልስ፣ የደን ባለሙያ

ስለ ጉቶው ልመልስ። በደሴ ተዳፋት ላይ ጉቶ አይነቀልም። የከተማችን መሬት በክረምት እንደሚንሸራተት ሁላችንም እናውቃለን። ሥሩ አፈሩን ሰፍቶ ይዞታል። ቆፍረሽ ብታወጪው ውሃው የሚገባበት ጉድጓድ ከጎረቤትሽ ቤት በላይ ከፈትሽ ማለት ነው። አሁን የተሰነጠቀውንም ቦታ አፈር ሙዪበትና ጠቅጥቂው። የጣሪያሽ ውሃ ወደዚያ የሚወርድ ከሆነ በቦይ ወደ ጎን መልሺው።

ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስሙ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ይናገራል እንጂ ከሀገሩ ሰው በላይ እዚህ የለመደ ነው። ጉቶው ከበቀለ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ ብቻ አስቀሪ። ሥሩ በሕይወት ይቆያል፣ አፈሩን ይይዛል። ቡቃያው አጣና ሲያህል ትቆርጪዋለሽ፣ እንደገና ይበቅላል። ትልቅ ዛፍ እንዲሆን ግን አትተዪው፤ ከጉቶ የበቀለ ግንድ ከሥሩ ይገነጠላል።

ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ማስቆረጡን አልደግፍም። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ አያቆጠቁጥም፤ ከተቆረጠ ሥሩ በስብሶ ያልቃል። ደግሞ ጥዱ የቱ ነው? ፍሬው ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ የሐበሻ ጥድ ነው። ደረቅ ሆኖ እንደ እንጨት ከጠነከረ የፈረንጅ ነው። ሀገር በቀል ከሆነ፣ ዝግባም ሆነ ኮሶ ወይም ዋንዛ ቢሆን፣ ሳታስፈቅዱ እንዳትነኩት። ለባሕር ዛፉም ቢሆን ቀበሌ ሄደሽ አስቀድመሽ አሳውቂ። እንጨቱ በመኪና የሚወጣ ከሆነ መንገድ ላይ ወረቀት ይጠየቃል።

ለቀሪዎቹ የደረቀውንና ጣሪያ የሚነካውን ብቻ አስከርክሚ። ጫፉን ቆርጦ ማሳጠር አይጠቅምም፤ በቁስሉ ብስባሽ ይገባል፣ ከዚያ የሚወጣው ቅርንጫፍም ደካማ ነው። ከቅጠሉ ሩብ በላይ በአንድ ጊዜ አይነሳ።

የጦሳ ሥር ልጅ (ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ)

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ወረደ። ባለ ሞተር መጋዙን ያዝኩ። «እንዴት ታወርደዋለህ?» ስለው የኮምቦልቻው ባለ መጋዝ እዚህ ያለውን ራሱን ነገረኝ፤ ሁለተኛውን ዛፍ እየነካካ። ባለ መጥረቢያው «አንቺ ምን አገባሽ?» ነው ያለኝ። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ሥሩ አጠገብ ሲቆርጡት ከውስጡ ጥቁር ሆኖ እንደ እርጥብ አሻሮ ይፈረፈር ነበር። ማድ ቤቱ ምንም አልሆነም። ጥዱ የሐበሻ ነው፣ አልተነካም።

እናቴ ከታችኛው ግንድ ጤነኛውን ቁራጭ አስቀርታለች፤ በአባቴ ስም አግዳሚ ወንበር ይሠራ ትላለች። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፣ ባለ መጋዙ፣ ኮምቦልቻ

ዛሬውኑ ሁለቱን የተቆረጡ ጫፎች ወፍራም ቀለም ቀቡት፤ እርጥበቱ በዚያ በኩል ቶሎ እንዳይወጣ ነው። ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ክረምቱን እንደዚያ ይክረም። አናጺ የምትጠሩት ከጥቅምት በኋላ ይሁን።