ለማሽላ ጥበቃ ሩቅ የሚደርስ ወንጭፍ ከምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ የሐርቡ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ያደግሁት ኮምቦልቻ ከተማ ነው። ዘንድሮ የአባቴ ጉልበት ስለደከመ ሐርቡ አጠገብ ያለችውን ሦስት ጥማድ መሬታችንን ተረክቤ ማሽላ ዘርቼባታለሁ። የመረጥሁት ቶሎ የሚደርስ ዘር ነው፤ የጎረቤቶቼ ገና ቅጠል ሳለ የእኔ እሸት ይዟል። ደስታዬ ግን ሳምንትም አልቆየ። ጎሕ ሲቀድ ወፍ ይወርድበታል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ደግሞ ከገደሉ ዝንጀሮ ይመጣል። ገደሉ ከማማዬ 120 እርምጃ ያህል ይርቃል።

የአባቴን ወንጭፍ አይጥ በልቶታል። አዲስ ልሥራ ብዬ ከገበያ የናይለን ገመድ ገዛሁ፤ ለድንጋዩ መቀመጫ ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆረጥሁ። ስወረውር አንዱ ከኋላዬ ይወድቃል፣ ሌላው ወደ ሰማይ ይወጣል። ትናንት የራሴን የውሃ ጀሪካን መታሁት። ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

ማታ ማታ በስልኬ አሜሪካውያን አይጥ መሰል የሜዳ እንስሳ ከ300 ሜትር በላይ ርቀት ለመምታት ጠመንጃ ሲያሰናዱ አያለሁ። በርሜሉን ከአንዱ ሠሪ፣ ሰደፉን ከሌላው፣ ቃታውንና መነጽሩን ለየብቻ መርጠው ነው የሚያስገጣጥሙት። እኔ ጠመንጃ አልፈልግም፤ ግን ወንጭፌንስ እንደዚያ ክፍል በክፍል መርጬ ብሠራው ምን ይለኛል? ገመዱ ከምን ይሁን? ርዝመቱስ? መቀመጫው ቆዳ ይሻላል ወይስ የተጎነጎነ? ድንጋዩን እንዴት ልምረጥ? ገደሉ ድረስ እንዲደርስልኝ ነው የምፈልገው።

አያ ሙሄ፣ መርሳ

አብሽር ልጄ። ጀሪካን መምታትም መምታት ነው።

ከመነዳሪውን ለልጆች መጫወቻ ስጣቸው። ላስቲክ ይለጠጣል፤ የሚለጠጥ ነገር ደግሞ ድንጋዩን ዛሬ ቀድሞ ይለቀዋል፣ ነገ ዘግይቶ። አንዱ ከኋላህ ሌላው ከሰማይ የሆነብህ ለዚህ ነው። ናይለኑም ቢሆን ቀጭን ከሆነ ጣት ይቆርጣል፣ ላብ ሲነካውም ያዳልጣል። እኔ ከልጅነቴ የማውቀው የቃጫ ገመድ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል እንጂ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም።

መቀመጫው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይሁን፤ ርዝመቱ አንድ መዳፍ፣ ስፋቱ አራት ጣት። መሐሉን በቁመቱ ጥቂት ሰንጥቀው። ድንጋዩ ሲቀመጥበት ስንጥቁ ይከፈትና እንደ ከንፈር ይይዘዋል። ቅቤ ቀብተህ በእጅህ አሸው፤ የደረቀ ቆዳ ድንጋዩን አያቅፈውም፤ ሳትፈልግ ይጥለዋል።

ርዝመቱን በክንድህ ለካ እንጂ በሜትር አትለካ። ቁመህ እጅህን ወደ ታች ዘርጋ፤ ድንጋይ የያዘው ወንጭፍ ሁለቱ ጫፎቹ በእጅህ ሆነው ቁርጭምጭሚትህ ጋ ከደረሰ ለገደሉ ይበቃሃል። ለወፍ ግን ይህ ይረዝማል፤ ሩቅ ይሄዳል እንጂ ወዳሰብኸው ቦታ አይሄድም። ለወፍ ጉልበትህ ድረስ የሚወርድ ሌላ አጭር ሥራ። እኔ ማማዬ ላይ ሁለቱንም ሰቅዬ ነው የማድረው። አንድ ወንጭፍ ለሁሉም ይሆናል የሚልህ ሰው ማሽላ ጠብቆ አያውቅም።

የአንዱ ገመድ ጫፍ በመሐል ጣትህ የሚጠልቅ ቀለበት ይኑረው፤ የሌላው ጫፍ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል የምትይዘው ቋጠሮ ይሁን። ከዚያ አንድ ነገር አደራ፤ ሁለቱን ይዘህ ድንጋዩን ስታንጠለጥለው መቀመጫው ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ገመዶቹ እኩል አይደሉም። ፍታና እንደገና ቋጥር። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ክንዱን ይወቅሳል እንጂ ገመዱን አይለካም።

ሲወረውሩ አሥር ጊዜ የሚያሽከረክሩ አሉ። ጉልበት መጨረስ ነው። አንድ ሁለቴ አዙረህ የመጨረሻዋን በሙሉ ክንድህ ሳባት። መጀመሪያ ግን ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር ውረድና ሰውም ከብትም በሌለበት ተለማመድ። ማማ ላይ ሆነህ መማር የጎረቤት በሬ ያስከፍላል።

ዘሀራ ገመድ ሠሪ፣ ወረባቦ

አያ ሙሄ ያሉት እውነት ነው፤ ቃጫውን ግን አትግመደው፣ ጎንጉነው። የተገመደ ገመድ ክብደት ሲይዝ መፍታታት ይፈልጋል፤ ሲፈታታም መቀመጫውን አዙሮ ድንጋዩን በጎን ይተፋዋል። በሦስት ወይም በአራት የተጎነጎነ ገመድ ግን ባለበት ይቆያል። ሹሩባ መሥራት የምታውቅ እህት ካለችህ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ቃጫውን ቀድመህ ውሃ አርሰው፣ እኩል እየሳብህ ጎንጉን፣ ድንጋይ አንጠልጥለህበት አድርቀው። ያኔ የሚለጠጠውን ያህል ተለጥጦ ያልቃል።

የሚለቀቀው ጫፍ ከቋጠሮው በኋላ አንድ ስንዝር ይትረፍና ፈትተህ እንደ ጭራ ተወው። በደንብ ስትወረውር እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። ለወፍ ግማሹ ሥራ ያ ጩኸት ነው፤ ያለ ድንጋይ ብታስጮኸው እንኳ መንጋው ይነሳል።

አለፍ ሲል ያየ ሰው

ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? አንዱን ዝንጀሮ በክላሽ ብትጥለው ሌላው አይመለስም። ካልሆነም በቆሎ ላይ መርዝ አድርገህ ገደሉ ሥር መበተን ነው።

የግብርና ባለሙያ፣ ሐብሩ

ወንድሜ፣ ይህን ምክር አንተም አትሥራበት። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የዱር እንስሳትንም ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉን ተወው ብትል እንኳ በየማሳው ማማ ላይ ልጅ ተቀምጦ እያለ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? መርዙ ደግሞ ከዝንጀሮው ላይ አይቆምም። በድኑን ውሻህ ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ጅረት ይገባል፤ ከጅረቱ ማን እንደሚጠጣ አንተው ታውቀዋለህ።

ለጠያቂው ስለ ወፉ ልጨምር። የሚመጣው እንደ ደመና እየተጠቀለለ ከሆነ ግሪሳ ነው። ያን በወንጭፍ ብቻ አትችለውም። አንዷ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ ይህ ለጆሮ ትንሽ ነው፤ መንጋው አንድ ሚሊዮን ሲሆን ግን በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መንጋ ካየህ ማሳህን ትተህ ማምሻውን የሚያድርበትን ዛፍና ሸምበቆ ተከታትለህ እወቅና ለቀበሌህ የግብርና ሠራተኛ ንገር። መድኃኒት በአውሮፕላን የሚረጨው ማሳ ላይ ሳይሆን ማደሪያው ላይ፣ ያውም ሲመሽ ነው። ከተረጨ በኋላ የወደቀ ወፍ ለቅሞ መብላት አደጋ መሆኑን ለልጆች ንገሩ። ተበታትኖ በሃያና በሠላሳ የሚመጣ ከሆነ ግን የአያ ሙሄ አጭር ወንጭፍ ይበቃዋል። ሰዓቱን ያዝ፤ ወፍ አጥብቆ የሚበላው ማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጉልበትህን ቆጥብ።

መምህሩ፣ ደሴ

ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ጥያቄህ ለክፍል የሚሆን ጥያቄ ነው።

120 እርምጃ 90 ሜትር ያህል ነው እንበል። የአየሩን መጎተት ትተን ብናሰላው፣ ድንጋዩ እዚያ ለመድረስ ከእጅህ ሲወጣ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ መፍጠን አለበት። አየሩ ስለሚጎትተው ትንሽ ይጨመርበት። ክንድህና ወንጭፍህ ተደምረው አንድ ሜትር ከግማሽ ቢሆኑ፣ በሰከንድ ከሦስት ዙር በላይ ማለት ነው፤ ጤናማ ክንድ ይችለዋል። ይኸው ፍጥነት በሰዓት ሲታሰብ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን የምነግርህ እንድትኮራ አይደለም፤ ድንጋዩ ሰው ራስ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚያደርግ እንድታስበው ነው።

ስለ ድንጋይ ምርጫ እነዚያ በስልክህ የምታያቸው ሰዎች አንድ ትክክል ነገር አላቸው። ውድ በርሜል ገዝተው የተለያየ ክብደት ያለው ጥይት ቢተኩሱበት ገንዘባቸው ከንቱ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ የሚመረጠው ከጥይቱ ርዝመትና ክብደት ጋር እንዲስማማ ሆኖ ነው፤ ረጅም ጥይት ፈጠን ያለ ጥምዝምዝ ይፈልጋል። ወንጭፍም እንዲሁ ነው። ዛሬ የእንቁላል፣ ነገ የለውዝ የሚያህል ድንጋይ ከወረወርህ ክንድህ ምንም አይማርም። ከወንዝ ዳር ድቡልቡሉን ልቀም፣ ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጥና ከ60 እስከ 80 ግራም ያለውን ብቻ አስቀር። ከዚያ ያነሰውን ነፋስ ይወስደዋል፣ የበለጠው ክንድ ያደክማል። ስትለቀው 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ይበል የሚለው በመጽሐፍ ያለው ለሜዳና አየር ለሌለበት ነው፤ አንተ ማማ ላይ ስለሆንህ ዝቅ አድርገው።

የሁለት ወንጭፍ ነገር ደግሞ የመርሳ ብቻ አይደለም። በሜዲትራኒያን ባሕር ያሉት የባሌአሪክ ደሴቶች ወንጭፈኞች በጥንት ዘመን ለቅርብ፣ ለመካከለኛና ለሩቅ ሦስት ወንጭፍ ይዘው ይዘምቱ ነበር ተብሎ ተጽፏል። አያ ሙሄ በአንድ ይበለጣሉ።

አያ ሙሄ፣ መርሳ

ሦስተኛው ወገቤ ላይ ነው መምህር፤ አልጠየቃችሁኝም።

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ድንጋዩ ለገደሉ ብቻ ይሁን። ማሳ ውስጥ ላለ ወፍ ድንጋይ ብትወረውር ወፏ ከምትበላው ይልቅ አንተ የምታራግፈው ይበልጣል፤ በኋላም ማጭድና ማረሻ የሚያገኘው ያንኑ ድንጋይ ነው። ሸክላ የሚሆነውን ቀይ አፈር አቡካ፣ አድበልብለህ ጥላ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አድርቀው። አገዳ ሲነካ ይበተናል፤ ብትንትኑ ለመንጋው ይበቃል። ፀሐይ ላይ ካደረቅኸው ግን ይሰነጠቅና ወንጭፉ ውስጥ ይፈርስብሃል።

የቆቦዋ

ሁላችሁም ስለ ወንጭፍ ታወራላችሁ፤ ልጁ ግን መልሱን ጥያቄው ውስጥ ራሱ ጽፎታል። የጎረቤቶቹ ቅጠል ሳለ የእሱ እሸት ይዟል! በአካባቢው ያለ ወፍ ሁሉ አንድ ገበታ ብቻ ቢያገኝ የት ይሂድ? ቶሎ የሚደርስ ዘር ዝናብ ሲያጥር ያድናል፤ ለብቻ ሲዘራ ግን ለወፍ መሥዋዕት ነው። ለከርሞ ከጎረቤቶችህ ጋር ተመካከርና በአንድ ጊዜ የሚደርስ ዝሩ፤ ያኔ ወፉም ጥበቃውም ይከፋፈላል። በገደሉ በኩል ባለው ዳርቻ ደግሞ ጥቂት ረድፍ ዘንጋዳ ወይም ወፍ አይበላሽ ዝራ። ስሙ ራሱ ይነግርሃል፤ ስለሚመር ወፍ ሌላ ካገኘ ይተወዋል። እንጀራው እንደ ነጩ አይሆንም፤ ለጠላ ግን ማን ይጠላዋል?

ስለ ዝንጀሮውም ከልምዴ ልናገር። ሴትና ልጅ ሲያይ አይደነግጥም፤ ባለቤቴ ሲመጣ የሚሸሸው መንጋ እኔን ሲያይ መብላቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ ላይ በጣም ተናድጄ ነበር። በኋላ የባለቤቴን ካፖርትና ኮፍያ አድርጌ፣ ዱላ ይዤ፣ ሳልጮኽ ቀጥ ብዬ ወደ መሪው መሄድ ጀመርሁ። ሠራ። አሻንጉሊት ሰው ብታቆም ግን በሦስተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጦ ይበላልሃል። የማይንቀሳቀስን ነገር ቶሎ ይለምዳል። አንድ ጥሩ ውሻም ከማማው ሥር ይኑርህ።

የካሴት ክር ካገኘህ ከአገዳ አገዳ ወጥረው። ነፋስ ሲመታው ያፏጫል፣ ያብረቀርቃል። ለሳምንት ያህል ይሠራል፤ ከዚያ ወፎቹ ይለምዱትና ቦታውን መቀየር ነው።

ጃርቱስ?

ይቅርታ፣ ጥያቄ ለመቀላቀል ነው። እኔ ዘንድ የሚያጠፋው ሌሊት ነው፤ አገዳውን ከሥሩ ይቆርጠዋል።

አያ ሙሄ፣ መርሳ

ጃርት ነው። ለእሱ ወንጭፍ አይሆንም፤ ጨለማ ውስጥ ድንጋይ መወርወር ሚስት መግደል ነው። የሚገባበትን ቀዳዳ ፈልግና በእሾህ አጥር ዝጋ፤ አጥሩ ከታች ከመሬት ጋር ይጣበቅ።

ጠያቂው፣ ከ12 ቀን በኋላ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቃጫውን እህቴ በአራት ጎነጎነችው፤ ሹሩባ ትችል ኖሯል፣ ያውም ስትስቅብኝ። መቀመጫው የፍየል ቆዳ ነው። ረጅሙ ቁርጭምጭሚቴ ጋ፣ አጭሩ ጉልበቴ ጋ። ቦርከና ዳር ለአምስት ቀን ተለማመድሁ፤ ባለሱቁ ድንጋይ ስመዝን አይቶ አብጃለሁ ብሎ ነበር።

አሁን ከአሥር ድንጋይ ሰባቱ ገደሉ ሥር ይደርሳል። ዝንጀሮ አልመታሁም፤ ፊት ለፊታቸው ዐለቱ ላይ ሲፈነዳ ይበቃቸዋል። ከትናንት በስቲያ ገና ክንዴን ሳነሳ መሪው ተነሥቶ ሄደ። ለወፉ የጭቃውን አርባ ያህል ሠርቼ ስድስቱ ፀሐይ ላይ ተረስተው ተሰነጠቁ፤ አያ ሙሄ ያሉት ሆነ። ከላይኛው ጎረቤቴ ጋር ደግሞ እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት በኋላ ልንጠብቅ ተስማምተናል። የእሱ ሲደርስ ጠዋቱ የእኔ ይሆናል።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶኛል፤ ረጅሙ ወንጭፍ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ቀኝ ይስብብኝ ነበር። ትናንት አባቴ በምርኩዝ ማማው ሥር ድረስ መጡ። ወንጭፉን በጣታቸው አጥልቀው፣ ድንጋይ አስቀምጠው፣ ሳይወረውሩ ዝም ብለው ሲያንጠለጥሉት ቆዩና «ይኼኛው ገመድ በአንድ ጣት ይረዝማል» አሉኝ። ለካሁት። በአንድ ጣት ይረዝማል።