ክንዴ ላይ ያለውን የእርግዝና መከላከያ አስወጪ እየተባልኩ ነው፤ እናንተ ዘመድ ጎረቤቱን እንዴት አለፋችሁት?

ፀሐይ፦
ሰላም እህቶች። 23 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ የባለቤቴ ወላጆች ግቢ ውስጥ ነው። ኮሌጅ እስክጨርስ ልጅ ይቆየን ብለን ተስማምተን ኢምፕላኖን፣ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚገባውን የሦስት ዓመት መከላከያ፣ አስቀበርኩ። ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ችግሩ ደሙ ነው። ጠብ ጠብ እያለ ይሰነብታል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ ውጪ ቆሜ ተሳልሜ እመለሳለሁ። አማቴ ዓይናቸው አያመልጣቸውም። በማርያም ዕለት «ዛሬም ከውጪ ነሽ?» አሉኝ። ከዚያ ነገሩ ቡና ላይ ወጣ። አንዷ ጎረቤት ክንዴን ዳበስ አድርጋ «ይኸው!» አለች። አሁን የሁሉም ቃል «ማህፀንሽ ሳይደርቅ አስወጪው፣ መጀመሪያ አንድ ውለጂ» ነው። ባለቤቴ ለብቻችን ስንሆን «ተያቸው» ይለኛል። እናቱ ፊት ግን ጭጭ። ወደ መከላከያ መርፌ ብቀይር ይሻል ይሆን?

የጤና ኬላዋ፦
የኔ እህት፣ እዚያው ጎጃም ውስጥ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መርፌ ለምን እንደሚወደድ ልንገርሽ። ምልክት የለውም። በሦስት ወር አንዴ ተወግታ ትሄዳለች፣ አለቀ። ካርዳቸውን እኛ ጋ ትተው የሚሄዱ ነበሩ። ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ጋር እናገጥምላቸዋለን፤ ቅርጫት ይዛ የወጣችን ሴት ማን ይጠይቃታል?

ላንቺ ግን አልመክርም። መርፌውም ደም ያዛባል። ደግሞ ካቆምሽው በኋላ እርግዝናው ብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል። «ያደርቃል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ሴትዮዋ ልውለድ ብላ ታቆማለች፣ ወራት ያልፋሉ፣ መንደሩ ይፈርዳል። የክንዱ ሲወጣ ግን ማርገዝ የሚቻለው ቶሎ ነው። ለደሙ ጤና ጣቢያ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትውጪ።

ሁሉንም በሐሜተኛ ላይ አልጥልም። መጀመሪያ ላይ እኛ የሠለጠንነው ለማስገባት ነበር። ለማስወጣት ሴቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካት ነበር። መንገዱ ደግሞ ሩቅ ነው። «አንዴ ከገባ አይወጣም» ቢባል ምን ይገርማል?

እ.ኤ.አ. በ2000 በአገራችን ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 በመቶ ነበሩ። በ2019 41 ደርሷል። ግን በ2016ቱ ጥናት አማራ ክልል 47 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሶማሌ ክልል 2 እንኳ አልሞላም። መድኃኒቱ ያው፣ በነፃ የሚሰጥ ነው። የጤና ተቋሙ ርቀትም አለበት፤ ቢሆንም ባል፣ አማት፣ የሃይማኖት አባት የሚሉት ብዙውን ይወስናል።

አባወራው፦
ወንድ ገባ አትበሉኝ። ይሄ የባልሽ ሥራ ነው። እኔ እናቴን «እሷን ተያት፣ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። አኮረፈችኝ። ሚስቴን ግን ከዚያ ወዲህ አልነካቻትም። በእናቱ ፊት ዝም ያለ ባል እኮ ከእናቱ ጋር ነው።

እትዬ ከወልድያ፦
አባወራው ልክ ነው፤ አማትሽን ግን እንደ ጠላት አትያቸው። የኔ አማት ስምንት ወልደው ሦስቱን ቀብረዋል። ጡረታ የላቸውም፤ የሚጦሯቸው ልጆቻቸው ናቸው። በሳቸው ዘመን ቶሎ ያልወለደች ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ነበር። ስለዚህ የሚፈሩልሽ ላንቺም ጭምር ነው። ነገሩ የመጀመሪያው ልጅ ላይ ነው እንጂ መድኃኒቱን ጠልተው አይደለም። እኔ ሁለተኛዬን ከወለድኩ በኋላ ሳስቀብር «ደግ አደረግሽ፣ ዕረፊ» ያሉኝ እኚሁ ሴትዮ ናቸው! «የምመረቅበት ጊዜ ይሄ ነው፣ ከዚያ አስወጣዋለሁ» ብለሽ ቁርጡን ንገሪያቸው። የሚያስጨንቃቸው መቼ እንደሆነ አለማወቃቸው ነው።

ፀሐይ፦
ተባረኩ ሁላችሁም። ለባለቤቴ አነበብኩለት። የአባወራው ጋ ስደርስ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቅዳሜ ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። የጤና ኬላዋ፣ አንድ ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ሦስት ዓመቱ ሲሞላ ሥጋ ውስጥ ይሟሟል ትላለች። እውነት ነው?

የጤና ኬላዋ፦
አይሟሟም። በትንሹ ቆዳው ተከፍቶ ይወጣል፣ ከፈለግሽ ያኔውኑ ሌላ ይገባልሻል። ቀኑ ካርድሽ ላይ ተጽፏል። ቅዳሜ ካርዱን ይዘሽ ሂጂ።