«ፕሮክተርነት ሙያ ሆኖ ይማሩታል ወይ?»

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ደሴ ውስጥ የሴት ተማሪዎች መኖሪያ ሕንጻ ፕሮክተር (ተቆጣጣሪ) ሆኜ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሜሪካ ሄጄ በዚሁ ዘርፍ ተምሬ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ይህን ስናገር ግን ሰው ሁሉ «ፕሮክተርነት ሙያ ሆኖ ይማሩታል ወይ?» እያለ ይስቅብኛል። እዚያ ያላችሁ የወሎ ልጆች እውነቱን ብትነግሩኝ።

መልስ፦

እኅቴ፣ አብሽሪ። ይማሩታል፤ እስከ ዶክትሬትም ይደርሳል። ናስፓ የሚባለው የባለሙያዎቹ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ቢሮ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

ከሁሉ አስቀድመሽ «ፕሮክተር» የሚለውን ቃል ከማመልከቻሽ አውጪው፤ በዚህ አገር ፕሮክተር የሚባለው ፈተና የሚቆጣጠር ሰው ስለሆነ የሥራ ልምድሽን አንብበው ምንም አይገባቸውም። በምትኩ የሠራሽውን ጻፊ፦ ትምህርት ሚኒስቴር ከየክልሉ መድቧቸው የመጡ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ልጆች በአንድ ክፍል ሲጋጩ እንዴት እንዳስታረቅሽ፣ ውኃ ጠፍቶ ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ ተራውን እንዴት እንዳስከበርሽ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቷ ናፍቋት እህል አልቀምስም ያለችውን ልጅ ምን እንዳልሻት። እኛ ሽምግልና ብለን ያለ ክፍያ የምንሠራውን ነገር እዚህ በኮርስ ያስተምሩታል።

መግቢያው በር ግራጁዌት አሲስታንትሺፕ፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲው እየሠሩ መማር ነው። ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በሳምንት 20 ሰዓት ያህል በዶርም ወይም በተማሪዎች አማካሪ ቢሮ እየሠራሽ የትምህርት ክፍያው በሙሉ ወይም በከፊል ይቀርልሻል፣ መጠነኛ የኪስ ገንዘብም ይከፈልሻል። የተማሪ ቪዛም በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ እስከ 20 ሰዓት መሥራትን ስለሚፈቅድ ነገሩ ልክክ ይላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ለትምህርቱ ብቻ አመልክቶ ሲቀመጥ ነው፤ በብዙ ቦታ ለሥራው የሚያመለክቱት ለብቻው ሲሆን፣ ቃለ መጠይቁም በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ያልቃል።

ከተመረቅሽ በኋላ በሙያሽ አንድ ዓመት መሥራት ትችያለሽ። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ላይ ያለው የ85 ሺህ ዓመታዊ ገደብ ዩኒቨርሲቲዎችን አይመለከትም፤ ሆኖም ለዶርም ሠራተኛ ስፖንሰር የማይሆን ቢሮ ብዙ ስለሆነ ገና ከመቀጠርሽ በፊት ሳታፍሪ ጠይቂ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሌሊቱም አያስተኛም፤ ፈንዲሻ በማይክሮዌቭ ያሳረረ አንድ ልጅ የእሳት ደወሉን አስጩሆ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጋቢዬን ደርቤ ከአራት መቶ ተማሪ ጋር በረዶ ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ለእኔ የከበደኝ ግን ብርዱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ፈርፓ የሚባል ሕግ የኮሌጅ ተማሪን መረጃ ያለ ተማሪው ፈቃድ ለሌላ ሰው መስጠትን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ይከለክላል፤ ለወላጅም ቢሆን። አንድ ቀን አንዲት የአገራችን እናት ደወሉ። አማርኛ መቻሌን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው መርቀውኝ ሲያበቁ፣ «ልጄ ክፍል ይገባል? ውጤቱስ እንዴት ነው?» አሉኝ። መዝገቡ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። መናገር አልችልም ስላቸው ዝም አሉ፤ ቀጥለውም «አንተም እንደነሱ ሆንክ?» ብለው ዘጉት። ማታ ልጁን አስጠርቼ «እናትህ ደውለው ነበር፤ ደውልላቸው» አልኩት። ይህንን ሕጉ አይከለክልም።