ያገለገለች ባለናይትሮ ሪሞት መኪና፦ ሞተሩን ልቀይር ወይስ ላድሰው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ከዱባይ ከተመለሰ ልጅ ላይ ባለናይትሮ በጊ (ናይትሮ በተቀላቀለበት የሜታኖል ነዳጅ የምትሠራ የሜዳ ሪሞት መኪና) ገዛሁ። መጠኗ የእውነተኛ መኪና 1/8 ነች፣ ሞተሯ 21 የሚባለው (3.5 ሲሲ) ነው። ቻሲዋ ደህና ነው። አሞርዛተሮቹ ዘይት ጨርሰዋል፣ የኋላ ጎማዎቹም አልቀዋል።

ችግሩ ሞተሩ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ሜዳው ላይ ስሞክራት ትነሳለች፤ ነጭ ጭስ ትለቃለች፤ ነዳጅ ስሰጣት ግን ታንቃ ትጠፋለች። ካንዴላዋን ስፈታው ርጥብ ነው። ልጁ እዚያ ምንም ችግር አልነበረባትም ይላል፣ አምነዋለሁ።

ሀሳቤ 28 የሚባለውን ተለቅ ያለ ሞተር ማስመጣትና የፊት ክንዶቿን በአልሙኒየም መቀየር ነበር። ያጠራቀምኩት ግን ለአንዱ ቢበቃ ነው። ሬዲዮዋ ያ ረጅም አንቴና ያለው የድሮው ነው። ነዳጅ አብሮ የሰጠኝ ግማሽ ጋሎን ያህል አለ፣ 25 በመቶ ናይትሮ። ከምን ልጀምር?

ባትሪ ይሻላል

ሞተሩን አውጣና ኤሌክትሪክ አድርጋት። ቤትህ ቻርጅ ታደርጋለህ፣ ነዳጅ ፍለጋ አትንከራተትም።

የአቃቂው መካኒክ

ኤሌክትሪክ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ልጁ ናይትሮ ነው የወደደው። ያን ድምፅ የወደደ ሰው በባትሪ አይረካም።

እኔ ቀን ቀን የሞተር ሳይክልና የባጃጅ ሞተር እፈታለሁ፤ እነዚህን ትንንሾቹን ማታ ቤቴ ነው የምሠራው። ስማኝማ ወንድሜ፣ ገና ብርህን አታውጣ። ሞተርህ የሞተ አይመስለኝም። የተስተካከለው ለዱባይ ነው። ዱባይ ከባሕር ጠለል ብዙም አትርቅም። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ነው፤ እናንተ ሰፈር ትንሽ ዝቅ ቢልም ያው ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የዚያኛውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ በየዙሩ የሚስበው ኦክስጅን በሩብ ገደማ ቀንሷል፤ የካርቡራተሩ መርፌ (የነዳጁን መጠን የሚወስነው ብሎን) ግን ነዳጁን አሁንም በዱባይ ልክ ይለቃል። ጭሱም፣ ርጥቡ ካንዴላም፣ መታነቋም የሚመጣው ከዚህ ነው።

መርፌ ከመንካትህ በፊት ግን ፒስተኑ ማለቅ አለማለቁን እይ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ካንዴላውን ፍታና ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት) በእጅህ አዙር። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ጠበቅ ብሎ መያዝ አለበት። እነዚህ ሞተሮች ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የላቸውም። ካሚቻቸው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) ከላይ ጠበብ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሲሞቅ ሰፍቶ ልክ ይሆናል። ምንም ሳይይዝ ከዞረልህ ፒስተኑና ካሚቻው አንድ ላይ ይቀየራሉ፣ አንዱን ለብቻ እንዳትገዛ። ከያዘ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ 28ቱን እርሳው።

ቀጥሎ ኩሽኔታ። የናይትሮ ነዳጅ ውስጡ ቀርቶ የተቀመጠ ሞተር ይዝጋል። ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ሲዞር የሚኮረኩር ነገር ከተሰማህ ኩሽኔታውን ቀይረው። የፊተኛው በብዙዎቹ 21 ሞተሮች ላይ 7 በ19 በ6 ሚሊሜትር ነው። ይሄ የታወቀው 607 ስለሆነ መርካቶ ኩሽኔታ ቤቶች ጠይቅ። የኋላው ነው አስቸጋሪው፤ ብዙ ጊዜ 14 በ25.4 በ6 ነው። 25.4 ማለት አንድ ኢንች ነው፣ በተራ የሚሊሜትር ቁጥር ስትፈልግ አታገኘውም። እሱን ሰው ከውጭ ሲመጣ አስይዝ። በካሊፐር ሳትለካ ግን እንዳታዝ። ስታወጣው ደግሞ መዶሻ አታንሳ። ጎማና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ አውልቀህ ባዶውን የሞተር ቤት ኦቨን ውስጥ አሙቀውና በጓንት ያዘው፤ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለህ ስታንኳኳው ኩሽኔታው ይወጣል።

ከዚያ መርፌ። መጀመሪያ ሞተሩ ይሙቅ። የከፍተኛ ዙሩን መርፌ በሰዓት አቅጣጫ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ አጥብቅ፣ ንዳት፣ እያት። እንዲህ እያልክ ሂድ። ስትሮጥ ቀጭን ጭስ ከኋላዋ ሁልጊዜ መታየት አለበት። ጠፋ ማለት አልፈሃል፤ ወዲያው መልሰህ አላላ። ዘይቱ የሚመጣው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ነዳጅ በቀነስክ ቁጥር ቅባትም እየቀነስክ ነው። ቀጥሎ የዝቅተኛ ዙሩን መርፌ፣ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጣት የምትዞርበትን ዙር) መጨረሻ ላይ።

የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሙቀት ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ይሁን። የኢንፍራሬድ መለኪያ ተዋስ። በኮቪድ ጊዜ ግንባራችንን የለኩበት አይሆንም፣ እሱ የሰው ትኩሳት ነው የሚለካው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከሰነፈች ከቴስታታው ሥር ካሉት ስስ ሽሞች (የብረት ቀለበቶች) የ0.1 ሚሊሜትሩን አንዱን ማውጣት ይቻላል። እሱን ሳታማክረኝ አትንካ፤ ፒስተኑ ቴስታታውን ከነካ ጨረስን።

28ቱ 4.6 ሲሲ ነው። ጉልበት ይጨምራል፣ አልዋሽህም። ግን ግማሽ ጋሎን ነዳጅ ላለው ሰው ብዙ የሚጠጣ ሞተር ምን ይሠራለታል? ዲፍረንሻሉም ይጎዳል። አልሙኒየም ክንድም ይቅርብህ። ፕላስቲኩ ሲመታ ተጣጥፎ ይመለሳል፤ አልሙኒየሙ ይጣመማል፣ ወይም ምቱን ወደ ቻሲው ያሳልፈዋል።

የለገጣፎዋ

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ ፊልትሮ። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ በበጋ አቧራው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ስፖንጁን በሳሙና እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ የሞተር ሳይክል ፊልትሮ ዘይት አጠጥተህ ጭመቀው። መቀመጫውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርገህ እሰር። በጎን የገባ አቧራ ያንን ካሚቻ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛ ሬዲዮ። ብርህን እዚህ ላይ አውጣ። 2.4 ጊጋኸርዝ ግዛ፣ ፌልሴፍ ያለው ይሁን። ሲግናል ሲቋረጥ ወይም በእጅህ ያለው ሬዲዮ ባትሪ ሲያልቅ ነዳጁን ዘግቶ ፍሬን እንዲይዝ አድርገህ አስተካክለው። ሳትነዳትም ሞክረው፦ ጎማዎቿ ከመሬት ተነስተው ሬዲዮውን አጥፋና እይ። የተቀባይዋ ባትሪ ከደከመ ግን ፌልሴፉም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ካርቡራተሩን ወደ ዝግ የሚመልስ ትንሽ ሞላ እሰርበት። ይቺ መኪና ከ3 ኪሎ በላይ ነች፣ በሰዓት ከ60 ኪሎሜትር በላይ ትሮጣለች። እዚያ ሜዳ ላይ ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ። እባክህ በዚህ አትደራደር።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴም አመሰግናለሁ። ካንዴላውን ፈትቼ አዞርኩት፣ ጫፍ ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል! ኮሎውም አይኮረኩርም። መርፌውን ትንሽ ሳጠብቅ ሜዳውን ተሻግራ ሄደች። ሬዲዮው እስኪመጣ ግን አቁሜያታለሁ።

ነዳጁ ሲያልቅስ? ሜታኖል ከባለሁለት ምት የሞተር ዘይት ጋር ብቀላቅልስ?

የአቃቂው መካኒክ

በጣም ደስ አለኝ። ያንን ዘይት ግን አትሞክረው። የባለሁለት ምት የማዕድን ዘይት ከሜታኖል ጋር አይዋሃድም፤ ይለያይና ሞተሩ ያለቅባት ይቀራል። ቤንዚንም አይሆንም። ይህ ካንዴላ እሳቱን የሚይዘው በሜታኖሉ ነው። ከሜታኖል ጋር የሚዋሃደው ጉሎ ዘይት ነው። ለሞዴል አውሮፕላን ውድድር 80 በመቶ ሜታኖል፣ 20 በመቶ ጉሎ ዘይት የሆነ ያለናይትሮ ነዳጅ አለ። ያንተም በእሱ ይነሳል፤ ሚኒሞው ግን አይረጋም፣ መርፌውም እንደገና መስተካከል አለበት። ናይትሮ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ለእኛ ከፍታ ይጠቅማል፣ ያለህን ቆጥበው። በአውሮፕላን ሻንጣ አስመጣለሁ እንዳትል፣ ክልክል ነው።

ነድተህ ስትጨርስ ታንኩን ባዶ አድርግ። ሞተሩ ውስጥ የቀረውን አቃጥለህ ጨርሰው፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምርና አዙረው።

ሜታኖል መርዝ ነው። ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። ሃይላንድ ውስጥ በፍጹም አታስቀምጥ፤ ሰው ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። በራሱ ጋሎን፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ሬዲዮው ሲመጣ ጻፍልኝ፣ እሑድ መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ።