ራግታይምና የጥንቱ የጃዝ ፒያኖ፦ ሻንጣ ውስጥ የሚገቡ ሁለት መጻሕፍት ጠቁሙኝ

ጀማሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያኖ መማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ክላሲኩን እየተንገዳገድኩም ቢሆን እሄድበታለሁ። በቅርቡ «ሜፕል ሊፍ ራግ»ን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ራግታይም (ከጃዝ በፊት ስለነበረው የአሜሪካ የፒያኖ ሙዚቃ) እና ስለ መጀመሪያዎቹ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾች ደህና መጽሐፍ እፈልጋለሁ፤ ታሪክም፣ የምለማመደውም ነገር። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዋሽንግተን ይመጣል። «ሻንጣዬ ሞልቷል፣ ከሁለት መጽሐፍ በላይ አልይዝልሽም» ብሎኛል። የትኞቹን ልዘዘው?

ግራ እጅ
እህቴ፣ በመጀመሪያው ላይ አላመነታም፦ የኤድዋርድ በርሊን «ኪንግ ኦፍ ራግታይም»። የ«ሜፕል ሊፍ ራግ» ደራሲ የስኮት ጆፕሊን የሕይወት ታሪክ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1994 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ በ2016 ደግሞ ሁለተኛ እትም ታትሟል። የአክስትሽ ልጅ ሁለተኛውን እንዲገዛ አደራ በይው፤ አሮጌው በርካሽ ስለሚገኝ እሱን ይዞልሽ እንዳይመጣ።

በርሊን ወሬ አያምንም። የሕዝብ ቆጠራ መዝገብና የዘመኑን ጋዜጣ እየበረበረ ነው የጻፈው። «ሜፕል ሊፍ ራግ»ን ጆን ስታርክ የሚባል ነጋዴ በ1899 ሚዙሪ፣ ሴዳሊያ ከተማ ውስጥ አሳተመው። ወዲያው ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ ሲባል ኖሯል። ውሉ ግን ለጆፕሊን በቅጂ 1 ሳንቲም ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ 400 ቅጂዎች ተሸጠው እስኪያልቁም አንድ ዓመት ያህል ፈጅቷል። አስቢው፣ የዓመት ድርሻው 4 ዶላር! ሽያጩ እያደገ ሄዶ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የደረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ቦታ ነው። ጆፕሊን በ1904 ፍሬዲ አሌክሳንደር የምትባል ወጣት አግብቶ ነበር። ብርድ መትቷት ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ሞተች። ከበርሊን በፊት የነበሩት መጻሕፍት ይህችን ሴት ጭራሽ አያውቋትም። በዚያው ዓመት የወጣው የጆፕሊን ዜማ «ዘ ክሪሳንተመም» መታሰቢያነቱ ለእሷ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ዜማውን እንደ ቀድሞው መስማት አቃተኝ።

ጉድለት አለው? አለው። ሰነዱ ይበዛል፣ አንዳንድ ምዕራፍ ላይ ቡና ያስፈልጋል።

ባለ ሸክላው
በርሊን ትክክለኛ ነው፣ ግን ደረቅ ነው፤ ቡናው ጀበና ሙሉ ይሁን! እኔ የምለው «ዜይ ኦል ፕሌይድ ራግታይም» ነው፣ ሩዲ ብሌሽና ሃሪየት ጃኒስ በ1950 የጻፉት። የዘመኑ ሰዎች ገና በሕይወት እያሉ ቤታቸው ድረስ ሄደው ነው ያናገሯቸው። የጆፕሊንን የመጨረሻ ሚስት ሎቲን አግኝተዋታል። ከሦስቱ ታላላቅ የራግ ደራሲዎች አንዱ የሆነውን ጆሴፍ ላምብን ብሩክሊን ውስጥ ተረስቶ አገኙት።

ግራ እጅ
የጆፕሊን የልደት ቀን ራሱ እዚያ መጽሐፍ ላይ ስህተት ነው እኮ።

ባለ ሸክላው
ስህተቱን በርሊን ያርምላታል፤ የእነዚያን ሰዎች ጨዋታ ግን ከመዝገብ ቤት አታገኘውም። ለማንኛውም ወደ ጃዙ ከመጣን ክርክር የለንም፤ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው የአለን ሎማክስ «ሚስተር ጄሊ ሮል» ነው።

ጄሊ ሮል ሞርተን የኒው ኦርሊንስ ፒያኖ ተጫዋች ነው። ጃዝን በ1902 የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ የሚምል ጉረኛ፤ ሲጫወት ግን ጉራው ይቅር ይባልለታል። በ1938 ዘመኑ አልፎበት ዋሽንግተን፣ ዩ ስትሪት ላይ አንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ፒያኖ ይመታ ነበር። አዎ፣ ያው ዩ ስትሪት፤ እኛ ክትፎ ፍለጋ የምንመላለስበት። ሎማክስ ኮንግረስ ላይብረሪ ወስዶ ፒያኖ ፊት አስቀመጠውና ሰዓታት የፈጀ ወሬና ሙዚቃ ቀዳ። መጽሐፉ የወጣው ከዚያ ቅጂ ነው። ሎማክስ እንደ ጸሐፊ ነካክቶታልና እያንዳንዱን ቃል የሞርተን ነው ብለሽ አትያዥ። ሙሉው ቅጂ በ2005 በ8 ሲዲ ወጥቷል።

ለአንቺ ደግሞ አንድ ነገር አለበት። ሞርተን ያንን እንቅልፍ የነሳሽን «ሜፕል ሊፍ ራግ» ሁለት ጊዜ ይጫወተዋል፦ መጀመሪያ ሚዙሪዎቹ እንደሚጫወቱት፣ ከዚያ በራሱ መንገድ። ራግታይም ወደ ጃዝ ሲሻገር በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ። ይህን ደርዘን መጽሐፍ አያስረዳሽም።

የድሮ መምህር
ልጄ፣ የሻንጣውን ቦታ ለኖታ አታባክኚው። ጆፕሊን የሞተው በ1917 ነው፤ በሕይወት እያለ ያሳተማቸው ኖታዎች የባለቤትነት መብታቸው ስላለቀ «አይ ኤም ኤስ ኤል ፒ» በሚባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። አውርደሽ ማተሚያ ቤት ወስደሽ በስፓይራል አስጠርዢው። እንዲያውም ፒያኖው ላይ ተዘርግቶ ይቆማል፤ የተገዛ መጽሐፍ ራሱን እየዘጋ ያበሳጫል። በ1908 ያወጣቸውን የ«ስኩል ኦፍ ራግታይም» ስድስት መልመጃዎች አብረሽ አትሚ። ዋናውን እትም መሆኑን ግን አረጋግጪ። እኔ አንድ ጊዜ በውድ ያስመጣሁት መጽሐፍ ለሕፃናት ቀለል ተደርጎ የተቀናበረ ሆኖ አረፈው፤ ግራ እጁን ጨርሶ ገድለውታል።

ራግታይም ማለት ያ ግራ እጅ ነው። እሱ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) እና ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) እያፈራረቀ እንደ ሰዓት ይቆጥራል፤ ቀኙ ከሰዓቱ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል። ጆፕሊን ኖታዎቹ ላይ ራግታይምን በፍጥነት መጫወት መቼም ልክ አይደለም እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። የሚሰማው ግን የለም።

ስትራይድ የሚባለውን የኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር የጃዝ ፒያኖ አጨዋወት ለጊዜው ተይው። ግራ እጁ ከቤዙ ወደ ኮርዱ በጣም ርቆ ይዘላል፣ ሰፊ መዳፍ ይፈልጋል። የጄምስ ጆንሰንን «ካሮላይና ሻውት» ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን እንኳ የተማረው የፒያኖ ሮሉን (ፒያኖን በራሱ የሚያጫውተውን የተበሳ ወረቀት) አዘግይቶ እያስኬደ፣ የሚወርዱትን ቁልፎች እያየ ነው። ስትደርሺበት የሪካርዶ ሺቫሌስ «ሃርለም ስትራይድ ፒያኖ ሶሎስ» አለልሽ። ለጨዋታው ደግሞ የስትራይድ ተጫዋቹ የዊሊ ስሚዝ ግለ ታሪክ፣ «ሚዩዚክ ኦን ማይ ማይንድ»።

ጀማሪዋ
እሺ ጋሼ፣ ገላገሉኝ። ኖታው ከዚሁ ይታተማል፤ ለሻንጣው በርሊንና ሎማክስ። ባለ ሸክላው አይቀየመኝ፣ የእሱን በሚቀጥለው መንገደኛ። ከየትኛው ራግ ልጀምር?

የድሮ መምህር
የጆፕሊን «ዘ ኢንተርቴይነር»። በሲ ሜጀር ስለሚጀምር ጥቁር ቁልፎቹ አያስጨንቁሽም። «ሜፕል ሊፍ» አራት ፍላት አለው፣ ይቆይ። ሁለት ሳምንት ግራ እጅሽን ብቻውን ተጫወቺ፤ ጎረቤት ቢሰለችም።

ጀማሪዋ
ጎረቤቶቼ ለምደውኛል። ለአክስቴ ልጅ የመጽሐፎቹን ስም ልኬለት የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «በርሊን ስንት ኪሎ ነው?»