ኮምፒውተር ራሴ ልገጣጥም ነው፤ በኬዝና በፓወር ሳፕላይ ምርጫ አግዙኝ

የሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርግና ልደት እቀርጻለሁ፤ ኤዲት የማደርገውም ራሴ ነኝ። እስካሁን የምሠራው በላፕቶፕ ነበር። ዓምና ካሜራዬን ቀይሬ ሶኒ ኤ7 4 ከያዝኩ ወዲህ ግን ላፕቶፑ አልቻለም። ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ቪዲዮው ይንቀረፈፋል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል። የአንድ ሰርግ ሥራ ሦስት ሳምንት ይፈጅብኛል። ሙሽሮቹ ይደውላሉ፣ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ዴስክቶፕ ለመገጣጠም ወስኛለሁ። ወንድሜ ዱባይ ነው፤ ለፋሲካ ዕቃውን ይዞልኝ ይመጣል። ያሰብኩት ኮር አይ5 12400ኤፍ ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋ ራምና ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ነው። ኬዙን (ዕቃው የሚገጠምበትን ሣጥን) ከዚሁ ልገዛ ነው። አንድ ሱቅ ያየሁት አለ። ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፤ ባለ ቀለም መብራት አራት ፋን አለው። 600 ዋት ፓወር ሳፕላይም (ለዕቃው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) አብሮት ይሸጣል። በጣም ያምራል። ደንበኞች ስቱዲዮዬ ሲመጡ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ኬዙ ይሁን? ፓወር ሳፕላዩስ ይበቃል? ሰፈራችን መብራት በቀን አንዴም ሁለቴም ይጠፋል።

ቡር ዱባይ ያለሁት፦

እህቴ፣ ዱባይ 9 ዓመቴ ነው። ወንድምሽ ቡር ዱባይ፣ ኻሊድ ቢን አል ወሊድ መንገድ ይሂድ። የኮምፒውተር ሱቆች እዚያ ተደርድረውለታል። አንድ ሱቅ ገብቶ እንዳይገዛ፤ ቢያንስ አራት ቦታ ዋጋ ይጠይቅ።

ሁለት ነገር ንገሪው። ፕሮሰሰሩ ካርቶን ያለው ይሁን። ያለ ካርቶን የሚሸጠው ይረክሳል፣ ግን ማቀዝቀዣ ፋኑ አብሮት አይመጣም። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ነው። ቢ660 የሚባለው ቦርድ ዲዲአር4 የሚወስድም፣ ዲዲአር5 የሚወስድም አለ። ስማቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። አንዱ ራም ሌላው ላይ አይገባም። ያገሬ ልጅ አንዱን ቦርድ፣ የሌላውን ራም ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ያዘነውን አልረሳውም።

ግራፊክስ ካርዱንና ኤስኤስዲውን በእጅ ሻንጣ ይያዝ። የዚህ አገር የመብራት ገመድ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ እዚያ ገመዱን ብቻ ትቀይሪያለሽ።

ካቻቪቴ (አዲስ አበባ)፦

እህቴ፣ ኮምፒውተር ስጠግን 18 ዓመት ሆነኝ። ጥያቄሽን ሳነብ ሁለት ነገር አሳሰበኝ። አንዱ ያቺ "ኤፍ" ናት፤ ሌላው ያ 600 ዋት ነው።

በኤፍ ልጀምር። 12400 እና 12400ኤፍ ሁለቱም ባለ 6 ኮር ናቸው፤ ፍጥነታቸውም አንድ ነው። ኤፍ የተባለው ግን የውስጥ ግራፊክሱ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የምስል ክፍል) አይሠራም። ጌም ለሚጫወት ሰው ምንም አይጎድልበትም። አንቺን ግን ይጎዳሻል። ካሜራሽ በ10 ቢት 4፡2፡2 (ቀለሙን በብዛት በሚይዝ አቀራረጽ) ይቀርጻል። እንዲህ ያለውን በኤች 265 (በአንድ የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት) የተጨመቀ ቪዲዮ 3060 ካርድ ራሱ መፍታት አይችልም። የካርዱ ሠሪ ኢንቪዲያ ይህን የጀመረው አርቲኤክስ 50 በሚባሉት ካርዶቹ ነው። የፕሮሰሰሩ ሠሪ የኢንቴል የውስጥ ግራፊክስ ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ይፈታዋል። ኤፍ የሌለውን 12400 ከገዛሽ ቪዲዮውን እሱ ይፈታል፣ 3060ው ቀለሙንና ኢፌክቱን ይሠራል። ሁለቱ ተጋግዘው ይሠሩልሻል። በጥቂት ብር ልዩነት ይህን እንዳታጪ።

ከተገጠመ በኋላ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተሽ የውስጥ ግራፊክሱ አለመጥፋቱን አረጋግጪ። ብዙ ቦርድ ካርድ ሲሰካበት በራሱ ያጠፋዋል። ካሜራሽ ላይም ፎርማቱን ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ አድርጊው፤ ኤች 265 እሱ ነው። ኤክስኤቪሲ ኤስ የሚለው ኤች 264 ነው፤ በ4፡2፡2 ከቀረጽሽበት የ12400 ግራፊክስም አይፈታውም። እስካሁን በዚያ የቀረጽሽው ካለ ፕሮክሲ (ቀለል ያለ ጊዜያዊ ቅጂ) እየሠራሽ ኤዲት አድርጊው።

አሁን ወደ ፓወር ሳፕላዩ። በ2003 ዓ.ም. ለራሴ አንድ ኮምፒውተር ገጣጥሜ ነበር። ፓወር ሳፕላዩ ከኬዙ ጋር የመጣ ነው። 500 ዋት ይላል። በእጅ ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይቀል ነበር። ሰኔ ላይ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጧ አለ። ማዘርቦርዱንም ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ሄደ። እናቴ ከማረፏ በፊት የቀረጽኳት የመጨረሻው ፋሲካ እዚያ ዲስክ ውስጥ ነበር። አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ ማንም ደንበኛ ከኬዝ ጋር በመጣ ፓወር ሳፕላይ ልገጥምለት ቢለምነኝ እምቢ እላለሁ። አንቺ ቤት የሚቀመጠው ደግሞ የሰው ሰርግ ነው።

እንዴት ታውቂዋለሽ? ሱቅ ስትሄጂ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር ይላል? በ12 አባዢው። 25 አምፔር ካለ 300 ዋት ነው፤ ላዩ ላይ 600 ቢጻፍም ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚያገኙት ያን ብቻ ነው። ያንቺ ካርድ 170 ዋት ይበላል፤ 12400 ሲጨናነቅ እስከ 117 ይደርሳል። ድምሩ 287 ነው፤ ፋኑና ዲስኩ ገና አልተቆጠሩም። እውነተኛ 550 ዋት ይበቃሻል። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል የብቃት ምልክት ያለው፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ይሁን፤ ቮልቴጁ ሲወርድም ይችላል። ወንድምሽ ከዱባይ ያምጣው። ከባድ ነው፣ ግን ከሻንጣው ሌላ ነገር ይቀንስ።

ወደ ኬዙ ስመጣ፣ ማማሩን አልነቅፍም። ስቱዲዮ ነውና ማማር አለበት። ግን መስታወቱ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይሁን። ፊቱ ወንፊት መሆን አለበት። ፊቱ መስታወት ሲሆን ፋኖቹ አየር የሚስቡት በጠባብ ስንጥቅ ነው፤ መብራታቸው ያምራል፣ ሥራቸው ግን የለም። አንቺ ደግሞ ለሰዓታት ሬንደር ታደርጊያለሽ (ያለቀውን ቪዲዮ ታወጫለሽ)። ከፊት ሁለት ወይም ሦስት ፋን ወደ ውስጥ፣ ከኋላ አንድ ወደ ውጭ። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራው በየቀዳዳው መሹለኩ ይቀራል፤ በወንፊቱ ብቻ ይገባል፣ እዚያው ይያዛል። ወንፊቱ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ ከውስጥ በኩል ስስ ስቶኪንግ ወጥረሽ ለጥፊበት። እኔ እንዲህ የሠራሁላቸው ማሽኖች በዓመታቸው ሲከፈቱ ንጹሕ ናቸው። መሬት ላይ ግን አታስቀምጪው።

ከመግዛትሽ በፊት በሜትር ለኪ። ባለ ሦስት ፋን ካርድ 30 ሴንቲ የሚያልፍም አለ። ወንድምሽ ባለ ሁለት ፋኑን ይግዛ፤ ላንቺ ሥራ ልዩነት የለውም።

የሐይቅ ዳር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ እናትዎ ነፍስ ይማር። ሳነበው አለቀስኩ፤ ዛሬውኑ የሰዎቹን ሰርግ በሙሉ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገልብጫለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጓደኛዬ ስቱዲዮ ያለውን ዴስክቶፕ ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል። ይህ የኬዙ ችግር ነው? መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባለ ባትሪ ዩፒኤስስ የትኛውን ልግዛ? ሱቁ 650 ይበቃል ይላል።

ካቻቪቴ፦

አሜን፣ እህቴ። ጎበዝ፣ መጀመሪያ መሠራት ያለበትን ሠርተሻል።

የሚነዝረው ኬዙ አይደለም፤ ቤቱ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) የለውም። ደህና ፓወር ሳፕላይም ቢሆን ኧርዝ ከሌለ በብረቱ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ኧርዝ ካለ ያ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ከሌለ ወደ ጣትሽ ይመጣል። ሶኬቱ ባለ ኧርዝ ስለሆነ ብቻ አትመኚው። ብዙ ቤት ውስጥ ከጀርባው ሽቦው አልተያያዘም። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ኤሌክትሪሻን ጠርተሽ በቴስተር አስለኪ።

ዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቪኤ (ቮልት አምፔር) ነው፤ ዋት አይደለም። 650 ቪኤ አብዛኛውን ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው። ያንቺ ማሽን ከስክሪኑ ጋር ሬንደር ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ዩፒኤሱ ይጨናነቃል። 1200 ቪኤ ውሰጂ። የሚሰጥሽ ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ የምታጠፊበትን ደቂቃ ነው፤ በእሱ ልሥራ አትበዪ። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል፤ ያን ጊዜ ባትሪውን ብቻ ትቀይሪያለሽ።

አቧራ ስታጸጂ በብሎወር ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ያዢው፤ ከሚገባው በላይ እንዳይሽከረከር።

የሐይቅ ዳር፦

ኤሌክትሪሻኑ ዛሬ መጣ። ሦስቱም ሶኬቶች ባለ ኧርዝ ናቸው፤ ሽቦው ግን ቆጣሪው ጋ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ነገ ብረት ቀብሮ ሊያስር ተስማምተናል።

ወንድሜ 12400ውን ያለ ኤፍ ገዝቷል፤ ካርቶኑን በፎቶ አሳይቶኛል። ባለ ሁለት ፋን ካርዱ 24 ሴንቲ ነው። እዚህ ደግሞ ፊቱ ወንፊት፣ ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ አገኘሁ። ሜትሬን ይዤ ሄጄ ለካሁት፤ ለካርድ 33 ሴንቲ ቦታ አለው። ባለሱቁ አብሮት ያለውን ፓወር ሳፕላይ አውጥቶ ዋጋ ቀነሰልኝ። ቅዳሜ ሰርግ አለኝ፤ ካሜራውን ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ ላይ አድርጌዋለሁ።